ቦርጭና ሜትር፦ ለእድራችን አባላት የቀረበ ዲስኩር



እድር ብዙውን ጊዜ የሚሰበስበን ከሞትን በኋላ ነው። ኮሚቴው ዘንድሮ በቁማችን እንነጋገር ብሎ ስለ ውፍረትና ስለ ኪሎ መቀነስ እንድናገር ስለጋበዘኝ አመሰግናለሁ። የሥነ ምግብ ባለሙያ መሆኔን ስለምታውቁ ድግስ ላይ ሳገኛችሁ ሳህኑን ከጀርባው የሚደብቅ አይጠፋም። ዛሬ ዘና በሉ፤ የማንንም ሳህን አላይም። የማየው ወገብ ነው።

ሰው ወፍሮ እንደሆነ ለማወቅ የሚጠይቀው ማንን ነው? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤቱን ነው። እንዲያውም ሳይጠይቅ ይነገረዋል። ለወራት ሳንተያይ ቆይተን ስንገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ ግምገማው ይጀመራል። «ወፈርሽ እኮ! ተመችቶሻል» ይባላል፤ የተባለችውም ደስ ብሏት ትሄዳለች። ቀጠን ብሎ የመጣውን ደግሞ «ምነው ከሳህ? ደህና አይደለህም እንዴ?» ብለን እናስደነግጠዋለን። በልፋት አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው በሳምንቱ «ፊትህ ረገፈ» ተብሎ ወደ ቀድሞው አበላሉ የተመለሰበትን ጊዜ ብዙ አይቻለሁ።

ይህ አመለካከት ከመሬት አልበቀለም። የ1977ቱን ድርቅ ያየ ትውልድ ውፍረትን ከጥጋብ፣ ጥጋብን ከሰላም ጋር ቢያገናኝ ማን ይፈርድበታል? ከዚያ በኋላም ኤች አይ ቪ ያለ መድኃኒት ወጣቱን ይጨርስ በነበረበት ዘመን የከሳ ሁሉ ይታማ ነበር። ኪሎ መቀነስ የሚያስፈልገው ሰው እንኳ ሐሜቱን ፈርቶ ይተወው ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። ዳኝነቱ ግን ዛሬ አያዋጣንም።

አገራችን አሁን ሁለቱንም ችግር በአንድ ጊዜ ተሸክማለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶው 22ቱ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ከባድ ነበሩ። ከባዶቹ በብዛት የተገኙት በከተማ ነው፤ ማለትም እኛ ሰፈር። ስለዚህ እኔ የምናገረው የሚበላው አጥቶ ለሚያድር ወገን አይደለም። ቁርሱን በልቶ፣ ታክሲ ይዞ፣ ቢሮ ተቀምጦ ውሎ፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት እራቱን ለሚበላው ነው።

እንግዲህ የጎረቤትን ዓይን ትተን በምን እንለካ? የመጀመሪያው ሚዛን ነው። በየመንገዱ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ፤ ሳንቲም ሰጥታችሁ ኪሎአችሁን ታውቃላችሁ። ብቻውን ግን ኪሎ ምንም አይናገርም፤ 75 ኪሎ ለረጅም ሰው ልኩ ነው፣ ለአጭር ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ኪሎውን ለቁመት እናካፍላለን፤ ያገኘነውን እንደገና ለቁመት እናካፍላለን። ቁመቱ በሜትር ይሁን። ቁመቷ 1.60 የሆነች፣ 70 ኪሎ የምትመዝን እህት ስታሰላው 27 ከምናምን ይመጣል። ከ18.5 በታች ቀጭን፣ እስከ 25 ልከኛ፣ ከ25 እስከ 30 ከመጠን ያለፈ፣ ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለዚህች እህት 25 ማለት 64 ኪሎ ነው፤ 30 ማለት ደግሞ 77 ኪሎ ገደማ።

ቢኤምአይ የሚባለው ይኸው ነው። ቀመሩን ያወጣው ሐኪም አይደለም። አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጂየማዊ የከዋክብትና የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ «አማካዩ ሰው» ምን እንደሚመስል ሲያጠና ያገኘው ነው፤ የአሁኑን ስሙን የሰጡት አንሴል ኪስ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ለሕዝብ ጥናት ጥሩ መሣሪያ ነው። ለአንድ ግለሰብ ግን ጉድለት አለው፤ ጡንቻን ከስብ አይለይም፣ ስቡም የት እንደተቀመጠ አይነግረንም። ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ አትለካም። ልጆችም በዚህ ወሰን አይለኩም፤ ለእነሱ በዕድሜና በጾታ የተዘጋጀ የራሳቸው ሰንጠረዥ ጤና ጣቢያ አለ።

ስቡ የት ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል። እግሩ ቀጭን፣ ክንዱ ቀጭን፣ ፊቱ ያልሞላ፣ መሐሉ ላይ ግን ቦርጭ የተሸከመ ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ስም አልጠራም፤ አንዳንዶቻችሁ አሁን ኮታችሁን ስትቆልፉ አይቻለሁ። ይህ ሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ «ልክ ነህ» ሊባል ይችላል። ሆኖም በሆድ ዕቃ ዙሪያ፣ በአንጀትና በጉበት መካከል የሚከማች ስብ ከቆዳ ሥር እንዳለው ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስቡን በቀጥታ ወደ ጉበት ይለቃል፤ ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ቀስ በቀስም ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጉበት ስብ እየተከታተሉ ይመጣሉ።

ለዚህ ከወገኖቻችን ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 በዘመቻ ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን አገራቸውን ሲለቁ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ የስኳር በሽታም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይቆዩ የእስራኤል ሐኪሞች ስኳር በፍጥነት ሲበዛባቸው አዩ። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የታመሙት በሰንጠረዡ «ወፍራም» ሳይባሉ ነው። ኪሎው ገና ትንሽ ሲጨምር በሽታው ደረሰ። ሰውነቱ በልጅነቱ ጥቂት ለምዶ ላደገ ሰው ድንገተኛ ጥጋብ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ከገጠር መጥቶ አዲስ አበባ የከበረው ወገናችንም፣ ዋሽንግተንና ዱባይ የገባውም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። «እኔ እንኳን ወፍራም አይደለሁም» የሚለው መጽናኛ ለእኛ ብዙ አያስተማምንም።

ስለዚህ ሜትሩን እናንሣ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከጎናችሁ በጣት ፈልጉ፤ የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት ታገኛላችሁ። ወደ ታች ውረዱ፤ የዳሌ አጥንት ጫፍ አለ። ሜትሩ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእምብርት ብዙም አይርቅም። በልብስ ላይ አይደለም፣ በገላ ላይ ነው። አየር በተፈጥሮው ወደ ውጭ አውጡና ለኩ። ሆዳችሁን ወደ ውስጥ አትሳቡ፤ የምታታልሉት ሌላ ሰው የለም።

ወንዶቹ እዚህ ላይ አንድ ማስረጃ ታቀርባላችሁ፤ «የሱሪዬ ቁጥር ከድሮ ጀምሮ 34 ነው፤ አልጨመርኩም» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የሱሪው ቁጥር አልተለወጠም። ቀበቶው ግን በየዓመቱ ዝቅ እያለ አሁን ከቦርጩ ሥር ነው የሚታሰረው። የቀበቶ ቦታ ወገብ አይደለም።

ወገቡ 94 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ወንድ፣ 80 የደረሰች ሴት መጠንቀቅ ይገባቸዋል፤ ወንዱ 102፣ ሴቷ 88 ካለፉ አደጋው ከፍ ያለ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ጥናት ነው፤ እንደ ቅዱስ ቃል አትያዟቸው። ለመያዝ ቀላሉና እኔ የምወደው ሌላ ነው፦ ወገባችሁ ከቁመታችሁ ግማሽ አይብለጥ። ቁመቱ 1.70 የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 በታች ይሁን ማለት ነው። ሜትር የሌለው ቤት ሲባጎ ያምጣ፤ በቁመቱ ልክ ይቁረጠው፣ ለሁለት ይጠፈው፣ ወገቡ ላይ ያዙረው። ጫፍና ጫፉ ካልተገናኘ መልሱ ተገኘ። እማማ ማንበብ ባይችሉም ይህን ይችሉታል።

አሁን ኪሎ ስለ መቀነስ። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ሳይሞክር የቀነሰ ሰው ደስ አይበለው። በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ጥረት ኪሎው የወረደ ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። «ምነው ከሳህ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው።

ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ከተማችን ውስጥ መጀመሪያ የሚያደርገው እንጀራ መተው ነው። ሰኞ እንጀራ ይተዋል፣ ረቡዕ ራሱን ያመዋል፣ ቅዳሜ ክትፎ ቤት ይገኛል። እንጀራ ብቻውን ጠላታችን አይደለም፤ ጤፍ ደህና እህል ነው። መጠኑ ይታይ፤ ሁለት ይበላ የነበረ አንድ ተኩል ይብላ። ከእንጀራው ይልቅ እኔ ዓይኔን የምጥለው ወጡ ላይ ነው፤ ከወጡም ዘይቱ ላይ።

እስቲ አብረን እናስላ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ባለ አምስት ሊትሩን ዘይት በወር ይጨርሳል እንበል። ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፤ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበልጣል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም እህል 4 ብቻ። ስለዚህ ከዘይቱ ብቻ በየቀኑ 270 ካሎሪ ገደማ ሳናስተውለው እንወስዳለን። ጀሪካኑ ለሁለት ወር ቢበቃ፣ የተረፈው ካሎሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ ከመራመድ ጋር ይቀራረባል። ላብ የለበትም፤ ገንዘብም ይተርፋል። ዘይት አሁን ስንት እንደገባ እኔ ለእናንተ አልነግርም።

እንዴት ይቀነስ? ወይዘሮዎቹ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ችግሩ ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስቱ ላይ ማንቆርቆሩ ነው፤ እጅ ልክ አያውቅም። ዘይቱ በማንኪያ ይለካ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቁ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ በተደረገ ውሃ ይቁላላ፤ ዘይቱ በኋላ ጥቂት ይግባ። የጥንቱ ቁሌት ጊዜ ይፈልግ ነበር እንጂ ብዙ ዘይት አይፈልግም ነበር። ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይት የባለሙያነት ምልክት ነው የምትሉኝ ካላችሁ አልከራከርም፤ ግን ሲቀርብ በጭልፋ ይገፈፍ። ደግሞም ለአንዱ «ዳይት ላይ ላለ» ሰው ለብቻ አትሥሩ። ድስቱ አንድ ይሁን፣ ቤቱ በሙሉ ይቀንስ።

ሁለተኛው ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል 25 ግራም አካባቢ እንዲሆን ይመክራል። 25 ግራም ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ ተጨምሮባቸው ሲጠጡ ስድስቱ አለቀ፤ ቁርስ ላይ የተጠጣው ሻይ ገና አልተቆጠረም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ስምንት ማንኪያ ገደማ አለው። ጭማቂ ቤት «ለጤና» ተብሎ የሚጠጣው ስፕሪስም ስኳር ከተጨመረበት ያው ነው። ቡናውን አትተዉ፣ ማንኪያውን በየሳምንቱ በግማሽ ቀንሱ፤ ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። ቢራም ይቆጠራል፤ አንድ ጠርሙስ 140 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አራት ጠርሙስ የጠጣ ሰው አንድ ማዕድ በተጨማሪ በላ ማለት ነው፣ ያውም ጥብሱን ሳንቆጥር።

ስለ ጾም ትጠይቁኛላችሁ። ጾም ለነፍስ ነው፤ ለኪሎ ብሎ የሚጾምን የነፍስ አባቱ ይምከሩት። ሆኖም ጾመኛ የሆነ ሰው ለምን ይወፍራል የሚለው የኔ ጥያቄ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ውሎ ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ብስኩት ከተደረደረ፣ ካሎሪው ጾም አያውቅም። የሙስሊም ወንድሞቼ ማፍጠሪያ ላይም ይኸው ሳምቡሳና ጣፋጭ ጭማቂ አለ። በእኛ በኩል የከፋው ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ 55 ቀን የተከለከለው ሁሉ በ50 ቀን ይካካሳል። ወገባችሁን በሁዳዴ መጨረሻና በጰራቅሊጦስ ማግስት ብትለኩት ነገሩ ይገባችኋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር ክኒን የሚውጥ ሰው ግን ጾም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር፤ ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል።

አሁን ስለ ፍጥነት። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። በሁለት ሳምንት አሥር ኪሎ የሚሉት የማቅጠኛ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ናቸው። የወጣው ውሃ ነው፤ ስትጠጡ ይመለሳል። አያቶቻችን ኮሶ የሚጠጡት ትል ለማስወጣት ነበር፤ ለማማር አልነበረም። በፍጥነት መቀነስ የሐሞት ጠጠርም ያስከትላል፣ ጡንቻም ይበላል። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ውድድር በወራት ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ መልሰው ወፍረው ነበር፤ ሰውነታቸውም በዚያ ኪሎ ካለ ሌላ ሰው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያቃጥል ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው። ሰውነት ረሃብን አይረሳም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመርፌ የሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች፣ እነ ኦዜምፒክ፣ ይሠራሉ። ግን የሐኪም ትእዛዝና ክትትል ይፈልጋሉ፤ ሲቆሙም ኪሎው በብዛት ይመለሳል። በሰው ሻንጣ፣ ቅዝቃዜው ሳይጠበቅ የመጣ መርፌ ገዝታችሁ እንዳትወጉ።

«ዕድሜዬ አርባ አለፈ፣ ሰውነቴ ማቃጠል አቆመ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ29 አገር የተሰበሰበ የ6,400 ሰዎች ጥናት ይህን አፈረሰው፦ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ፣ የሰውነት መጠን ታስቦ ሲለካ፣ የሚቃጠለው ካሎሪ ብዙም አይለወጥም። በአርባ ዓመት የተለወጠው ደሞዙ፣ መኪናውና ወንበሩ ነው። ጡንቻ ግን ካልተሠራበት ይሟሽሻል፤ ስለዚህ ከእርምጃው ጋር ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ እየተነሡ መቀመጥ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንሣት ይኑር። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ በፍስክም እንቁላልና ዓሣ በየማዕዱ ይኑሩ፤ ያጠግባሉ፣ ጡንቻም ይጠብቃሉ። ለእርምጃው ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ከታክሲ ውረዱ።

ስንት መቀነስ ይበቃል? ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት የሠርጋቸውን ቀን ኪሎ ስለሚመኙ ነው። ያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተካተው ነበር። ከእነዚህ መካከል የአኗኗር ለውጥ እንዲያደርጉ የተመደቡት ግባቸው ኪሎአቸውን በመቶ 7 መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ስኳር የመያዛቸው ዕድል በመቶ 58 ቀነሰ፤ በዚያው ጥናት ለሌሎች ከተሰጠው መድኃኒትም በልጦ ተገኘ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በመቶ 7 ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በቀን ከ20 ደቂቃ ትንሽ ያለፈ እርምጃና የዘይቱን ጀሪካን ማዘግየት ያደርሰዋል።

ለኮሚቴው ሦስት ነገር እለምናለሁ። እድሩ አንድ ሚዛን፣ አንድ ሜትርና አንድ የደም ግፊት መለኪያ ይግዛ፤ ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር በንብረት ክፍሉ ይመዝገብ፤ ጤና ባለሙያ አባሎቻችንም በየወሩ ይለኩልን። በወርሃዊ ስብሰባችን ለስላሳው ቀርቶ ውሃ ይቅረብ። ለቅሶ ቤት ላይ ደግሞ ንፍሮውን አትንኩብን፤ ዘይት የሌለበት፣ የሚያጠግብ፣ ከዚህ ሁሉ ዳቦና ለስላሳ የሚሻል ምግብ ነው። ሦስቱንም ዛሬ ከመበተናችን በፊት ለድምፅ ብታቀርቡልኝ ደስ ይለኛል።